ጳጉሜን በእግር

በየዓመቱ ነሐሴ ሲጋመስ አንድ ዓይነት ሥራ ይመጣልኛል። «አዲስ ዓመትን አዲስ አበባ ለሚያሳልፍ ሰው አሥር የሚጎበኙ ቦታዎች፣ አሥር የሚሸመቱ ዕቃዎች፣ አሥር የሚደመጡ ዘፈኖች» የሚል ትዕዛዝ። ቋሚ ቀጣሪ የሌለው ጋዜጠኛ እንዲህ ያለውን ሥራ አይመልስም። አዘጋጁ የሚፈልገው ይታወቃል፦ አጭር፣ ፎቶ የሚያምርበት፣ ማንንም የማያስከፋ። እጽፋለሁ፣ እልካለሁ፣ ክፍያው (አንዳንዴ ከመስቀል በኋላ) ይገባል። ከዚያ የተረፈኝን ደግሞ እዚህ ቻናል ላይ እዘረግፈዋለሁ።

ዘንድሮ የተረፈኝ ከላክሁት በዛ። የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፍኩትን ተመሳሳይ ዝርዝር አውጥቼ ሳየው ከአሥሩ ቦታ አራቱ የሉም። አትክልት ተራ ከፒያሳ ተነስቶ፣ በኮሮናው ጊዜ ጃን ሜዳ ሰፍሮ፣ ጥምቀት ሲደርስበት ወደ ኃይሌ ጋርመንት ወርዷል። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። የፒያሳ አሮጌ ቤቶች በ2016፣ ካዛንቺስ ደግሞ በ2017 መጀመሪያ ከመሬት እኩል ሆነዋል። በምትካቸው ሰፊ የእግረኛ መንገድ፣ መብራት፣ አበባና የብስክሌት መስመር መጥቷል። ይህን ለመሳደብ አልመጣሁም፤ ማታ ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ ሳልደናቀፍ መሄድ መቻሌን እወደዋለሁ። ግን ለእንግዳ «እዚህ ሂድ» ያልኩት ቦታ በሁለት ዓመት ውስጥ ሜዳ የሚሆን ከሆነ፣ የምመክረው ቦታ ሳይሆን አካሄድ መሆን አለበት ብዬ ወሰንኩ። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ «አንደኛ፣ ሁለተኛ» የለም። ቁጥር የፈለገ መጽሔቱን ይግዛ፤ እኔም ልጠቀም።

ቀኑን እናስቀድም። ሰው አዲስ ዓመትን ለማየት የሚመጣው በዕለቱ ነው። በዕለቱ የሚታይ ነገር የለም! መስከረም 1 ቀን አዲስ አበባ በሯን ገርበብ አድርጋ ዶሮዋን ትበላለች። ሱቁ ዝግ ነው፣ ታክሲው ጥቂት ነው፣ ዘመድ የሌለው እንግዳ ሆቴሉ ውስጥ ቴሌቪዥን ሲያይ ይውላል። ከተማዋን ማየት የፈለገ በጳጉሜ ይምጣ።

ጳጉሜ አምስት ቀን ናት፣ በዘመነ ሉቃስ ስድስት። ደመወዝ የላትም፣ የቤት ኪራይም የላትም፤ ለደመወዝተኛ መርገምት፣ ለተከራይ በረከት። ሀብተሥላሴ ታፈሰ ለአገሪቱ ቱሪዝም የሰጡን መፈክር በአማርኛ «የአሥራ ሦስት ወር ፀጋ» ሲሆን በእንግሊዝኛው ፀጋው ፀሐይ ሆኖ ነው የተጻፈው። ጳጉሜን በጃንጥላ ያሳለፈ ሰው ግን እንግሊዝኛው ትንሽ እንደተጋነነ ያውቃል። ጳጉሜ 3 ሩፋኤል ነው። ያን ቀን የሚዘንበው ዝናብ የተባረከ ነው ይባላልና ልጆች ልብሳቸውን ጥለው ይወጣሉ፤ ትልልቆቹም ማንም እንዳላያቸው ሆነው ከበረንዳ ጫፍ እጃቸውን ይዘረጋሉ። መንግሥት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለእያንዳንዷ የጳጉሜ ቀን የየራሷን ስም እያወጣላት ነው፤ ስሞቹ በየዓመቱ ስለሚቀያየሩ በቃሌ አልያዝኳቸውም። ሩፋኤልን ግን የሚረሳ የለም።

ከዚያ መኪናችሁን ተዉት። በበዓል ሳምንት መገናኛን በመኪና ማቋረጥ ከጾም የሚቆጠር ነው። የእኔ መንገድ ይህን ይመስላል፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቶሞካ፣ ቆሞ አንድ ማኪያቶ። ቤቱ እ.ኤ.አ. ከ1953 ጀምሮ ቡና እየቆላ ነው፤ ቆሞ መጠጣቱም ጥሩ ነው፣ አያስረፍድም። ከዚያ ጊዮርጊስን ተሳልሞ (የማይሳለምም የዛፎቹን ጥላ ተጠቅሞ) በሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ወደ ጎጃም በረንዳ፣ ከዚያ መርካቶ። እያዩ ለሚሄዱ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እግሩ እሺ የማይለው ከምኒልክ አደባባይ ባቡር ይዞ አውቶቡስ ተራ ይወርዳል። ባቡሩ በመስከረም 2008 ሥራ ሲጀምር ትኬቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ ከመጡት 41 ባቡሮች ብዙዎቹ በመለዋወጫ እጦት ከቆሙ ሰነባብተዋልና መጠበቁ ይረዝማል። ቢሆንም በበዓል ሰሞን ባቡሩ ውስጥ የሚታየው ትርዒት የትም የለም፤ በፌስታል አንገቷን ያወጣች ዶሮ፣ የቄጠማ ነዶ፣ አዲስ ጫማ ገዝቶ እዚያው የሚለካ ጎረምሳ። ዶሮዋ ስትጮህ ሁሉም ስልኩን ያወጣል፣ የደወለለት መስሎት።

መርካቶ የተወለደው ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ሰው ገበያ ከአራዳ ነጥሎ ወደ ምዕራብ ሲገፋው ነው፤ ስሙም የዚያ ዘመን ቅሪት ነው። ለመርካቶ ካርታ አያስፈልግም፤ «ተራ» የምትለዋን ቃል ማወቅ ይበቃል። በርበሬ ተራ፣ ሸማ ተራ፣ ቦምብ ተራ፣ ዱባይ ተራ። በጥቅምት 2017 ሸማ ተራ አካባቢ የተነሳውን እሳት ታስታውሳላችሁ፤ ሌሊቱን ሙሉ በስልክ ስናየው የነበረውን። የበዓል ሸመታ ማለት ለብዙ ሰው ከነጋዴ መግዛት ብቻ አይደለም፣ የደንበኛን ደኅንነት መጠየቅም ነውና «እንዴት ከረማችሁ?» ሳይሉ ዋጋ መጠየቅ እዚያ አካባቢ ነውር ነው። እንግዳ ይዤ ስሄድ ግን መጀመሪያ የማሳየው ምን አለሽ ተራን ነው። ከበርሜል ምድጃ፣ ከዘይት ቆርቆሮ ማንቆርቆሪያ፣ ከመኪና ጎማ በረባሶ ሲወጣ ቆሞ ማየት ይቻላል። የመዶሻው ድምፅ ጆሮ ይበሳል። አንድ በውጭ አገር ያደገ የአጎቴ ልጅ እዚያ ቆሞ «ይሄ እኮ እኛ ጋ ሙዚየም ውስጥ ነው የሚታየው» አለኝ። ሠሪው ሰምቶታል። «እኛ ጋ ደግሞ ዳቦ ነው» አለው መዶሻውን ሳያቆም።

ስለ ልብስ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፤ ሰው የሚታለለው እዚህ ላይ ነው። የበዓል ልብስ ሲባል ሁሉም የሚሮጠው ሽሮ ሜዳ ነው፤ ትክክልም ነው። ከእንጦጦ ግርጌ ባሉት ሰፈሮች ከጋሞ ደጋ፣ በተለይ ከዶርዜ የመጡ ሸማኔዎች ለትውልድ ኖረዋል። ችግሩ ሱቁ ላይ ተሰቅሎ የምታዩት ሁሉ ከእነሱ እጅ የወጣ አለመሆኑ ነው። በፋብሪካ ተፈትሎ ተሸምኖ፣ ጥለቱ ታትሞበት ከባሕር ማዶ የሚመጣ «የሐበሻ ቀሚስ» አለ። ከሩቅ ያምራል፣ ፎቶ ላይ ከእውነተኛውም ይበልጥ ያምራል፣ ዋጋውም ግማሽ አይሞላም። ለዚህ ነው ሸማኔው ልጁን ከመወርወሪያው አንስቶ ሌላ ሥራ የሚያስፈልግለት።

መለየት ከባድ አይደለም። ጥለቱን ገልብጡት። የታተመ ከሆነ ጀርባው ገርጥቶ ነጭ ነው፤ በእጅ የተጠለፈ ከሆነ ጀርባው ላይ ክሩ እየተሻገረ ሲሄድ ይታያል። ጨርቁን ወደ ብርሃን አንሱት፤ የእጅ ሥራ አንድ ቦታ ሳሳ፣ አንድ ቦታ ጠበቅ ይላል። ጋቢ ከሆነ ድርቡን ቁጠሩ፣ አራት መሆን አለበት። ከዚያ ሻጯን «የማን ሥራ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። የምታውቅ ከሆነች ስሙን ትነግራችኋለች፣ ሰፈሩንም ጨምራ። የማታውቅ ከሆነች «የእኛው ነው፣ አትጠራጠር» ትላለች፤ ያኔ ተጠራጠሩ። ዋጋ ተከራከሩ፣ ሻጯም ካልተከራከራችሁ ትታዘባችኋለች፤ ግን የሸማኔው ድርሻ እስኪያልቅ ድረስ አትላጩት። አንድ ነጠላ ስንት ቀን ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ እንደሚሠራ ያየ ሰው ክርክሩን ቶሎ ይጨርሳል። ማየት ደግሞ ይቻላል፤ ከዋናው መንገድ ገባ ብላችሁ በትሕትና ከጠየቃችሁ የሚያሳያችሁ አይጠፋም። እንግዳችሁን እዚያ ውሰዱት፤ ከሙዚየም ይሻላል።

ከሽሮ ሜዳ ብዙም ሳይርቅ ቀጨኔ አለ። ጀበና፣ ድስት፣ ምጣድና የዕጣን ማጨሻ የሚሠሩት የቀጨኔ ሴቶች ናቸው። ሸክላ ሠሪ እየተባሉ ለዘመናት የተገፉ ሰዎች መሆናቸውን ብዙዎቻችን እያወቅን ዝም ብለናል፤ የሠሩት ጀበና ግን ያልገባበት ቤት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለ ጓደኛ በየዓመቱ «ምን ይዤ ልሂድ?» ይለኛል። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ በርበሬው አሥር፣ ሽሮው አሥር፣ ድርቆሹ ስፍራ ይበላል። መልሴ አይለወጥም። ጀበና ያዝ፣ ውስጡን በበሶ ሙላው፣ ዙሪያውን በጋቢ ጠቅልለው። እስካሁን የተሰበረበት አንዴ ብቻ ነው፣ እሱም እዚያ ደርሶ ከጠረጴዛ ላይ ወድቆ።

ሾላ ገበያ ለቅቤ ነው። ለጋ፣ መካከለኛ፣ በሳል፤ የዶሮ ወጥ በሳሉን ይፈልጋል፣ ለፀጉር ለጋው። በበዓል ሰሞን ቅቤ ውስጥ የማይቀላቀል ነገር የለም፣ ሙዝ ሳይቀር። እናቶቻችን ከጥፍራቸው ጫፍ ላይ ወስደው በእጃቸው ጀርባ ያሹታል፤ እውነተኛው በቆዳው ሙቀት ይቀልጣል፣ የተቀላቀለው እንደ ሊጥ ይንከባለላል። እናንተ ማሸት ካላወቃችሁ ከምታውቅ ሴት ጋር ሂዱ፤ ይህ ከምሰጣችሁ ምክር ሁሉ ጠቃሚው ነው። ሽንኩርትና እንቁላል ከእሁድ ገበያ ግዙ፣ በጠዋት። ስለ ዶሮ ምንም አልናገርም። ስለ ዶሮ የሚናገር ወንድ ቤቱ ሲገባ የሚጠብቀውን ያውቃል።

አሁን ወደ ሥጋው፤ ማለቴ ወደ ቅርጫው። አክስቴ ከፒያሳ ጀርባ በነበረ የቀበሌ ቤት ሠላሳ ዓመት ኖራለች። በግቢውና በአካባቢው ስምንት አባወራ ነበሩ፣ በየበዓሉ አንድ በሬ። ሁለቱ ሰዎች ካራ ወይም ቄራ ወርደው ይገዛሉ፣ ጧት ይታረዳል፣ መደቡ ይደለደላል፣ ዕጣ ይወጣል፣ ጉበቱ እዚያው ይቀመሳል። አሁን ስምንቱ አባወራ በአራት አቅጣጫ ተበትነዋል። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። ባለፈው ዓመት ከመካከላቸው ጓሮ ያለው አንድ ሰው ቤት ታረደ፣ ከዚያ እያንዳንዱ መደብ በማዳበሪያ ተጠቅልሎ በራይድ ተላከ። አንዱ ሾፌር «ሥጋ አልጭንም» ብሎ ወረደባቸው፣ ሌላው ጭኖ «ለእኔስ?» አለ፣ ምላስና ሰምበር ደረሰው። መንገዱ ተደምሮ ሲሰላ ኪሎው ከሥጋ ቤት ዋጋ በለጠ። አክስቴን «ታዲያ ለምን ከሠፈርሽ ሥጋ ቤት አትገዢም?» ብላት «ሥጋ ቤት ዕጣ ያወጣል እንዴ?» አለችኝ። ዘንድሮም ገንዘቡን አዋጥተዋል።

ለከተማ ጉብኝት መንገድ ፈላጊ፣ እኔ የማውቀው ረጅሙ የበዓል ጉዞ ይህ ነው፤ የአንድ በሬ ስምንት መደብ ከተማዋን ሲያቋርጥ። ቅርጫ ያለው ወዳጅ ካላችሁ «ልሸኝ» በሉ፣ በአንድ ቀን አዲስ አበባን ከጫፍ እስከ ጫፍ ታያላችሁ፣ በእጃችሁም ጥብስ ይዛችሁ ትመለሳላችሁ።

ሙዚቃው ቀረ። አዘጋጁ አሥር ዘፈን ሲል የሚፈልገው የዩቲዩብ አድራሻ ነው፤ ሰጥቼዋለሁ። ለእናንተ ግን እውነቱን ልንገራችሁ። የአዲስ አበባ የበዓል ሙዚቃ ስቱዲዮ የገባው ዘግይቶ ነው። ከቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ እስከ መስቀል፣ መስከረም 17፣ ቁጠሩት፤ ልክ አርባ ቀን ይሆናል (በዘመነ ሉቃስ አርባ አንድ)። በእነዚህ አርባ ቀናት ይህች አገር ከሌላው ጊዜ ሁሉ ይበልጥ ትዘፍናለች። በቡሄ ወንዶቹ ልጆች ሆያ ሆዬ ይላሉ፣ በዱላቸው መሬቱን እየመቱ፣ ለሙልሙል። ፍልሰታ ተፈታ ሲባል በሰሜኑ ሻደይ፣ አሸንድዬ፣ ሶለልና አሸንዳ ይጀምራል፣ ከበሮው በሴቶቹ እጅ ነው። የጳጉሜ መጨረሻ ቀን ምሽት ችቦ ይበራል፣ ሴቶቹ ልጆች አበባየሆሽ ብለው ይወጣሉ፣ ወንዶቹ የሳሉትን መልአክና አበባ ይዘው ከበር በር ይዞራሉ። ከዚያ ደመራ፤ ወሩ ሳያልቅ ኢሬቻ።

ይህን ሁሉ ከአንድ ነገር ጋር የሚያያይዘው በር ነው። አበባየሆሽ መድረክ ላይ የሚዘፈን አይደለም። አንዷ አውጪ ናት፣ ሌሎቹ ተቀባይ፤ ዜማው አጭር ነው፣ ግጥሙ ግን እንደ ደጁ ይለዋወጣል። አውጪዋ ጎበዝ ከሆነች ቤቱን ታነባለች። መጋረጃው አዲስ ከሆነ ትናገራለች፣ የቤቱ ጌታ ከዘገየ ትወጋዋለች፣ በመጨረሻ ትመርቃለች። ምርቃቱ ሳይወጣ ገንዘብ ሰጥቶ መሸኘት የተበላሸ ነገር ነው። በዋዜማ ቴሌቪዥን ላይ ስቱዲዮው ቄጠማ ጎዝጉዞ፣ ዘፋኙ ነጭ በነጭ ለብሶ የሚያሰማን ዝግጅት ሳምንት ቀድሞ የተቀረጸ ነው፤ የማን ቤት መጋረጃ እንደተቀየረ አያውቅም። ክፉ ነው አላልኩም። እናቴ ሽንኩርት ስትከትፍ ከጀርባ እንዲጮህ ትፈልገዋለች፤ ለዚያ ይሆናል።

ካሴት በነበረበት ዘመን ለበዓል አዲስ አልበም መጠበቅ ደስ ይል ነበር፣ አልክድም። ሙዚቃ ቤቶቹ የድምፅ ማጉያቸውን ወደ መንገድ አዙረው፣ ከአንዱ በር የአንዱ ከሌላው የሌላው ዘፈን እየተሻማ፣ ሰው ቆሞ መርጦ ይገዛ ነበር። አሁን ያን ሥራ ስልኩ ወሰደው። አዝማሪ ቤት ግን ስልክ አይወስደውም፣ ምክንያቱም እዚያ ግጥሙ ከእናንተ ነው የሚመጣው። «ተቀበል!» ትላላችሁ፣ ስንኙን ትሰጣላችሁ፣ እሱ በማሲንቆው አሽሞንሙኖ ይመልስላችኋል፤ ብዙ ጊዜ እናንተኑ አስቆ። ካዛንቺስ ሲነሳ ብዙዎቹ ተበትነዋል፤ የት እንደገቡ ከታክሲ ሾፌር በላይ የሚያውቅ የለም። ዝርዝር ብር ያዙ፣ የነገር ቆዳችሁንም አወፍሩ።

ወደ በሩ ልመለስ፣ የሚያሳስበኝ እሱ ነውና። የቀበሌ ቤት በር መንገድ ላይ ነበር። ልጆቹ ከአንዱ ወደ አንዱ ለመሄድ አሥር እርምጃ ይበቃቸዋል፤ በአንድ ምሽት ሠላሳ ደጅ። ኮንዶሚኒየም ግን አጥር አለው፣ አጥሩ በር አለው፣ በሩ ጥበቃ አለው፣ ጥበቃው ኮሚቴ አለው። ውጭ የቀሩት ልጆች የት እንደሄዱ ታውቃላችሁ፦ የትራፊክ መብራት ላይ። ጳጉሜ 5 ማታ ቀይ መብራት ሲይዛችሁ መስኮታችሁ አጠገብ ቆመው የሚያጨበጭቡት እነሱ ናቸው። መብራቱ ሳይቀየር ለመጨረስ ዜማውን አፍጥነውታል። ምርቃቱን አያደርሱትም፤ አረንጓዴ ይበራል፣ ከኋላ ያለው ክላክስ ያደርጋል። ባለፈው ዓመት አንዷ፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣ ኪሴን ስዳብስ አይታ «ጋሼ፣ ቴሌብርም ይቻላል» አለችኝና የእናቷን ቁጥር በቃሏ ወረደችው። ጋሼ መባሌን ገና አልለመድኩትም።

የአክስቴ ሳይት ኮሚቴ አምና በበሩ ላይ ማስታወቂያ ለጥፎ ነበር። «ለነዋሪው ደኅንነት ሲባል የበዓል ጨፋሪዎች ወደ ግቢ መግባት አይፈቀድላቸውም» ይላል። ጥበቃውም እንደተባለው አደረገ፤ የተከለከሉት ግን ከሌላ ሰፈር የመጡት ብቻ አልነበሩም፣ የዚያው ግቢ ልጆችም «ተሰብስባችሁ አትጩሁ» ተባሉ። አክስቴ ያን ምሽት ድፎዋን ቆርሳ፣ ዝርዝር ብሯን በሳህን አድርጋ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ በሯን ከፍታ እስከ ሦስት ሰዓት ተቀመጠች። የመጣ የለም። በማግስቱ ስሄድ ሳህኑ እንዳለ ነበር። «ዓመቱ አልገባም» አለችኝ፣ ዶሮ እያቀረበች።

ደኅንነት ቀልድ አይደለም፣ ገብቶኛል። አምስት መቶ ቤት ባለበት ግቢ የማያውቁትን ሁሉ ማስገባት አይቻልም። ግን ለጋብቻ ድንኳን፣ ለለቅሶ ድንኳን፣ ለቅርጫ በሬ በሩ ይከፈታል፤ በሬ ያስገባ ኮሚቴ ስምንት ሴት ልጆችን የሚፈራበት ምክንያት አይታየኝም። ይህን በዓመቱ አጋማሽ በነበረው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ አክስቴ ከእኔ በተሻለ ተናግራዋለች አሉ። ሰብሳቢው «እትዬ፣ ጨፋሪ እኮ ነው የከለከልነው» ሲላት «እኔም ጨፋሪ ነበርኩ፣ ልታስወጣኝ ነው?» ብላዋለች። ሰው ሳቀ፣ ነገሩ ለሴቶቹ ተተወ።

ዘንድሮ የተስማሙት እንዲህ ነው። ጳጉሜ 5 ከአሥራ ሁለት ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ተኩል የግቢው ልጆች በየብሎኩ ይዞራሉ፤ ከውጭ የሚመጣ ቡድን ደግሞ ከኮሚናሉ ፊት ለፊት ባለው ሜዳ፣ ችቦው ከሚበራበት ቦታ ይዘፍናል። ደረጃ መውረድ የማይችሉት አሮጊቶች ጉዳይ አከራክሮ ነበር። መፍትሔው ዘንቢል ሆነ፤ በገመድ ከበረንዳ ይወርዳል፣ ዳቦውና ብሩ በውስጡ፣ አውጪዋም ከታች ሆና ፎቁን እየጠራች ታመሰግናለች። አክስቴ ገመዱን ከመርካቶ አስገዝታኛለች። አሥራ አምስት ሜትር፣ ሲሳል፣ ከቦምብ ተራ። ትናንት በባዶ ዘንቢል ሞክረነዋል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የጎረቤት የልብስ ማስጫ ይይዘዋል። ጎረቤትየዋ ለዋዜማው ልብሷን ልታነሳ ቃል ገብታለች።